የዘይት ፖምፓውና የሊማሊሞ መንገድ

ፀዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከእርስዋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መኪና በአዘዞ አልፎ ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ከጎንደርም በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከእርስዋ አለፍ ሲባል መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ይህ ቁልቁለት ሊማሊሞ ይባላል። መንገዱን በገደሉ ላይ የጠረቡት ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ነው፤ በአፋፉ ላይ በወልቀፊት በር መሽጎ የነበረው ጦራቸው እጁን የሰጠውም በ1934 ዓ.ም. በወርኃ መስከረም ነበር። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ጦርነቱ አይደለም። የምጽፈው በዚያ መንገድ ላይ ስለ ወረደችና ስለ ወጣች አንዲት ቮልስዋገን፣ በይበልጥም በሆድዋ ውስጥ ስላለው፣ ከጭብጥ ስለማይበልጠው የዘይት ፖምፓ ነው።

በፀዳ ከአስፋልቱ ዳር አነስተኛ የመኪና መጠገኛ አለኝ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የሞተር ክፍሎችን ሳስተምር ቆይቻለሁ። በማስተማር ዘመኔ ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሞ ያስገርማቸው የነበረው የሙያው ቋንቋ ነበር። መንገዱን የጠረቡት ሰዎች ከሀገር ሲወጡ ቃላታቸውን በጋራዦቻችን ትተው ሄደዋልና፣ ዛሬም ቢሆን ሞላ፣ ኮፓ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቴስታታ፣ ሮንዴላ፣ ፍሪሲዮን የማይል መካኒክ በሀገራችን አይገኝም። ፖምፓም ከእነዚሁ አንዱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ለእነዚህ ቃላት የአማርኛ ምትክ እንፈልግላቸው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። በበኩሌ ግን በዘይት የተነከረ እጅ ሰማንያ ዓመት ሲያሻሸው የኖረ ቃል ከእንግዲህ የባዕድ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። መኪናዋ የእኅቴ ባል ንብረት ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የተሠራች፣ 1500 የምትባለው ዓይነት ስትሆን፣ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ኃይል 44 የፈረስ ጉልበት ነው። የዛሬ አንባቢ በዚህ ቁጥር ሊስቅ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ይህቺ ኤሊ መሰል መኪና በምሥራቅ አፍሪካ የተናቀች አልነበረችም። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ጭቃና አቧራ ላይ ይካሄድ የነበረውን የሳፋሪ ውድድር በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፉት ቮልስዋገኖች ነበሩ፤ እነዚህም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በሀገራችንም የቮልስ ነገር ለሁሉ የታወቀ ነው። ሞተርዋ በውኃ ሳይሆን በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ በዳገት ላይ ራዲያተርዋ ፈልቶ ባለቤትዋ ጀሪካን ይዞ ምንጭ ፍለጋ አይሄድም።

የእኅቴ ባል ካረፈ በኋላ መኪናዋ ለልጁ ተላለፈች። ልጁ በሙያው እኔን የተከተለ ነው፤ በፍጥነት ወዳድነቱ ግን ማንን እንደ ተከተለ አላውቅም። የሞተርዋን ፒስተኖችና ሲሊንደሮች ሰፋ ባሉት አስለውጦ 1641 ሲሲ አደረጋት፤ በአንዱ ካርቡሬተር ፈንታ ሁለት ሰቀለባት፤ የጭስ ማውጫዋንም ቀየረው። ከዚያ በኋላ ከአዘዞ ወደ ጎንደር የሚወጣውን ዳገት ስትይዘው ሚኒባሶች ወደ ኋላ የሚቀሩባት ሆነች። እኔም እንደ አጎት ብቆጣም፣ እንደ መካኒክ ድምፅዋን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ችግር ታየ። መኪናዋ ዳገቱን ጨርሳ ፒያሳ ስትደርስና ሞተርዋ በሚኒሞ ሲዞር፣ የዘይቱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ይህ መብራት በባሕርዩ የሚያሳስት ነው። ብዙ ባለመኪናዎች መብራቱ ካልበራ ዘይቱ ደኅና ነው ይላሉ፤ ነገር ግን መብራቱን የሚያበራው ቁልፍ የሚሠራው ግፊቱ ከግማሽ ኪሎ በታች ሲወርድ ብቻ ነው። በእኛ በመካኒኮች አነጋገር አንድ ኪሎ የምንለው በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈውን የአንድ ኪሎ ግራም ግፊት መሆኑን ልብ ይሏል። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ በሚዞርበት ጊዜ፣ ዘይቱም ሞቆ 70 ዲግሪ ሲደርስ፣ ፋብሪካው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ግፊት 2 ኪሎ ነው። እንግዲህ በ2 ኪሎና በግማሽ ኪሎ መካከል ያለውን በሽታ ሁሉ መብራቱ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል ማለት ነው።

ይህ በሆነበት ሰሞን ልጁ የሚያገባት ልጅ ታጨችለት። ወላጆችዋ የሚኖሩት ከሊማሊሞ ግርጌ አልፎ በአዲ አርቃይ በኩል ነው። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ተቆረጠ። ልጁም ሽማግሌዎቹን በአባቱ መኪና ካልሆነ በቀር በሌላ አልወስድም አለ። እኅቴ ይህን በሰማች ጊዜ ወደ መጠገኛዬ መጥታ፣ «ወንድምዓለም፣ ከእርሱ የቀረኝ ይህቺ መኪና ናት። ልጁ እሳት ሆኖአል። በገደል መካከል ብትቆምበት በሰው ፊት ማፈሩ ነው፤ ሞተርዋ ቢነክስ ደግሞ ከየት ይመጣል?» አለችኝ። ሞተር ነከሰ የሚባለው ዘይት አጥቶ ብረት ከብረት ሲጣበቅ ነው። ለጥያቄዋ ጥሩ መልስ አልነበረኝም። የቮልስዋገን ኤሊ መሥራት በዓለም ላይ ያበቃው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003፣ በሜክሲኮ ሀገር ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር፤ ቢሆንም አንድ ያልተሰነጠቀና ያልተበሳ የሞተር ገላ ለማግኘት ዛሬ ስንት ጋራዥ እንደሚዞር እኔ አውቃለሁ።

በማግሥቱ ልጁ አንድ ትንሽ ካርቶን ይዞ መጣ። በአሜሪካ የሚኖር ዘመዱ የላከለት የዘይት ፖምፓ ነበር፤ ለእሽቅድምድም መኪናዎች የሚሠራ፣ ጥርሶቹ 30 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው። «ጋሼ፣ በሽታዋ ታወቀ። የድሮው ፖምፓ ለአዲሱ ሞተር አንሶታል። ይህን እናስገባና ነገሩ ይለቅ» አለ።

አሁን ስለ ፖምፓው አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት ጥርሳም መንኰራኵሮች ጥርስ ለጥርስ ተቆላልፈው ይዞራሉ። በአንደኛው ወገን ጥርሶቹ ሲለያዩ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ዘይቱም ተስቦ ይገባበታል። ከዚያም በጥርሶቹና በቤቱ ግድግዳ መካከል እንደ እህል በቁና ተሰፍሮ ወደ ሌላው ወገን ይወሰዳል። በዚያ ጥርሶቹ ተመልሰው ሲቆላለፉ ዘይቱ መግቢያ ስለሚያጣ ተገፍቶ ይወጣል። ሐሳቡ ከአውቶሞቢል እጅግ የሚቀድም ነው፤ የፕላኔቶችን አካሄድ ሕግ ያገኘው ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ከአራት መቶ ዓመት በፊት በዚሁ ዘዴ ውኃ የሚያወጣ ፖምፓ ነድፎ ነበር። በቮልስዋገን ላይ ፖምፓውን የሚያዞረው ካምሻፍቱ ነው። ስለዚህ ሞተሩ 2,500 ሲዞር ፖምፓው የሚዞረው 1,250 ጊዜ ብቻ ነው። ዘይቱ ከኮፓው መካከል በወንፊት አልፎ ይሳባል፤ ከፖምፓው ወደ ማቀዝቀዣው፣ ከማቀዝቀዣው ወደ ክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚናዎች፣ ከዚያም በክራንክ ሻፍቱ ሆድ ውስጥ በተበሱ ቀዳዳዎች ወደ ቢየላዎቹ ይደርሳል። ሌላው በቀጫጭን ባዶ ዘንጎች ውስጥ አልፎ እስከ ቫልቮቹ ይወጣል። ይህ ሁሉ ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው።

ልጁ ያልተረዳው፣ ብዙ አዋቂ መካኒኮችም የሚስቱት ነገር አንድ ነው። ፖምፓ ግፊት አይሠራም፤ ፖምፓ የሚሠራው ፍሰትን ነው። ግፊት የሚወለደው ፍሰቱ መንገድ ላይ ሲታገድ ነው። በመስኖ ቦይ ላይ ሥራ የሠራ ገበሬ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ ቦዩ ሲጠብ ውኃው ይቆጣል፣ ቦዩ ሲሸነቆር ግን ምንጩ የቱንም ያህል ቢበረታ ውኃው ከእርሻው አይደርስም። ስለዚህ የዘይቱ ግፊት ወረደ ሲባል መጠየቅ ያለበት ፖምፓው አንሶአል ወይ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ዘይቱ በየት ሾለከ ተብሎም ጭምር ነው።

ካርቶኑን ወደ ጎን አስቀምጠን መለካት ጀመርን። የመብራቱን ቁልፍ ፈትተን በቦታው የግፊት መለኪያ ሰዓት አሰርን። በማለዳ ሞተርዋ በቀዝቃዛው ስትነሣ ሰዓቱ 7 ኪሎ አሳየ። ልጁ ፊቱ በራ። እኔ ግን ደነገጥሁ፤ ለዚህ ሞተር 7 ኪሎ እጅግ ብዙ ነው። ጎንደር ድረስ ነድተናት ስንመለስ፣ በ2,500 ዙር ላይ ሰዓቱ 1.4፣ በሚኒሞም ከ0.3 ፈቀቅ አላለም። በብርድ ጊዜ ከልክ በላይ፣ በሙቀት ጊዜ ከልክ በታች። ይህ እንቆቅልሽ የተፈታው ከሞተሩ ሥር ተኝቼ የግፊት ማስተንፈሻውን ቫልቭ በፈታሁ ጊዜ ነው።

ይህ ቫልቭ አንዲት የብረት ቡሽና አንድ ሞላ ናቸው። ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ግፊቱ ቡሽዋን ወደ ታች ይገፋታል፤ ሞላው ይጨመቃል፤ ትርፉም ዘይት ወደ ኮፓው ይመለሳል። ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ሞላው ቡሽዋን መልሶ ወደ ላይ ያነሣታል፤ በሩ ይዘጋል፤ ዘይቱም ሁሉ በማቀዝቀዣው በኩል ያልፋል። ታዲያ ከሞላው ሥር ሁለት ሮንዴላዎች ተደርበው አገኘሁ። ልጁን ስጠይቀው፣ መብራቱ ብልጭ ማለት በጀመረ ጊዜ አንድ ጋራዥ ወስዶአት ግፊት እንጨምርላታለን ብለው እንደ ጨመሩላት ነገረኝ። የጋራዡን ስም አላነሣም፤ ይህን የሚያደርገው እርሱ ብቻ አይደለምና። ነገሩ ሲታሰብ ግን እጅግ የሚያስቅ ነው። በሙቀት ጊዜ የቫልቩ በር አስቀድሞ የተዘጋ ነው። የተዘጋን በር በሁለት ሮንዴላ ደግፎ ይበልጥ መዝጋት ለግፊቱ አንዲት ነጥብ አይጨምርም። በብርድ ጊዜ ግን መከፈት የሚገባው በር እንዳይከፈት ያደርጋል። በእርግጥም የዘይት ማቀዝቀዣው ከገላው ጋር በሚገናኝበት ጎማ ዙሪያ ዘይት ማዛት ጀምሮ ነበር። ሮንዴላዎቹን አውጥተን በማግሥቱ ማለዳ ብንለካ 7 የነበረው ወደ 4.5 ወረደ። የሙቀቱ ግፊት ግን እንደ ተባለው አንዲት ነጥብ አልተለወጠም።

ቀጥሎ ፖምፓው ራሱ ተፈታ። ይህን ለማድረግ ሞተሩን ማውረድ አያስፈልግም፤ የክራንክ ሻፍቱን ፑሌጃና ከሥሩ ያለውን ቆርቆሮ ማንሣት ይበቃል። ክዳኑን በብርሃን ላይ ባየሁት ጊዜ መንኰራኵሮቹ ለሃምሳ ዓመት ሲዞሩበት ሁለት ክብ ጎድጓዶች አበጅተውበታል፤ በጣት ጥፍር ይታወቃሉ። በጥርሶቹ ራስና በክዳኑ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠሎች ለካሁት፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ሆነ። ፋብሪካው የሚፈቅደው እስከ 0.1 ብቻ ነው።

ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛው ምን ያህል ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እዚህ ላይ ሂሳቡ አስደናቂ ነው። በቀጭን ክፍተት ውስጥ የሚሾልክ ፈሳሽ መጠኑ የሚጨምረው ከክፍተቱ ጋር እኩል ሳይሆን በክፍተቱ ኩብ ነው። ክፍተቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን፣ ሁለት በሁለት በሁለት ተባዝቶ፣ የሚሾልከው ዘይት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ዘይቱ በቀዝቃዛነቱ እንደ ማር በወፈረ ጊዜ ይህ ብዙ አይታወቅም፤ በዳገት ላይ ሞቆ እንደ ኑግ ዘይት ሲቀጥን ግን ፖምፓው የገፋውን እዚያው በራሱ ቤት ውስጥ መልሶ ይውጠዋል። የበሽታው ሥር ይኸው ነበር።

መድኃኒቱ ገንዘብ አልጠየቀም። አንድ ወፍራም የመስኮት መስታወት በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ በላዩ የብርጭቆ ወረቀት አነጠፍን፤ ጥቂት ዘይት አፍስሰንም ክዳኑን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ማሻሸት ጀመርን። መስታወት የሚመረጠው ከእርሱ የበለጠ ለጥ ያለ ነገር በተራ ጋራዥ ውስጥ ስለማይገኝ ነው። ክብ ብቻ እየሠሩ ማሻሸት አንዱን ጠርዝ ይበላዋልና ስምንት ቁጥሩን መርሳት አይገባም። በየጊዜው ክዳኑን ጠርገን ጥቁር የቀረውን ቦታ እናያለን፤ ጥቁሩ ጠፍቶ ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆን ሥራው አለቀ። ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያሻሽ ዋለ፤ ክንዱ ደክሞት ሊያቆም ሲል እኅቴ ቡና ይዛ መጥታ ነበርና፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላው ሄደች። ከዚያም ስሱን የወረቀት ጓርኒሲዮን በአዲስ ለውጠን ገጠምነው፤ ክፍተቱም 0.07 ሆነ። ሞተርዋን አሙቀን በ2,500 ዙር ብንለካ ሰዓቱ 2.2 አሳየ፤ በሚኒሞም 0.7። መብራቱ ጠፋ።

ክርክራችን ግን በዚህ አላለቀም፤ ካርቶኑ ከጠረጴዛው አልተነሣም ነበርና። «እንግዲህ ዳነች፤ ቢሆንም ትልቁን ብናስገባ ደግሞ ይበልጥ ትድናለች። እሽቅድምድም የሚያደርጉት ሁሉ የሚያስገቡት ይህን ነው» አለኝ። ውሸት አልነበረም። የድሮው ፖምፓ ጥርሶች 21 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ አዲሱ 30 በመሆኑ በእያንዳንዱ ዙር 43 በመቶ ያህል የበለጠ ዘይት ይገፋል። በእሽቅድምድም ሞተር ላይ ብሮንዚናዎቹ ሆን ተብሎ ሰፋ ብለው ይገጠማሉ፤ ዘይቱም በረጃጅም ቱቦዎች ወደ ውጭ ማቀዝቀዣና ወደ ፊልትሮ ሄዶ ይመለሳል፤ ሞተሩም በደቂቃ ከ6,000 በላይ ሲዞር ይውላል። ይህን ሁሉ ለማጥገብ ብዙ ፍሰት ያስፈልጋል። እንዲያውም በታላላቆቹ የእሽቅድምድም መኪናዎች ዘይቱ በኮፓ ውስጥ አይቀመጥም፤ መኪናው በፍጥነት ሲጠማዘዝ ወደ አንድ ወገን ተጠራርጎ ፖምፓው አየር እንዳይስብ፣ አንድ ፖምፓ ከሥር እየመጠጠ ለብቻው ወደ ቆመ ጋን ይወስደዋል፤ ሌላው ፖምፓ ከዚያ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ፖርሽ 911፣ ሞተሩ እንደ ቮልስዋገን ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ ለመንገድ ሲሠራም ይህንኑ ዘዴ ይዞ ነው።

የእኛዋ ሞተር ግን ብሮንዚናዎችዋ ጠባብ ናቸው፤ የውጭ ማቀዝቀዣ የላትም፤ ፊልትሮም የላትም። ትርፉ 43 በመቶ ወዴት ይሄዳል? በማስተንፈሻው ቫልቭ በኩል ተመልሶ ወደ ኮፓው ይፈስሳል። እስከዚያ ድረስ ግን ፖምፓው ከሞተሩ ጉልበት ወስዶ ገፍቶታል፤ ያ ጉልበትም ሙቀት ሆኖ በዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በደባርቅ ከፍታ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ጠረፍ ከሚመዝነው ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ሩብ የሚሆን ኃይሉን ያጣል፤ ማራገቢያውም የሚያነፍሰው አየር ስስ ስለሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ትርፍ ሙቀት የሚፈለገው በዚህ ቦታ ነውን?

ከዚህ የሚብሰው የማለዳው ጉዳይ ነበር። በደባርቅ የኅዳር ሌሊት ቅቤ እንደ ድንጋይ የሚደርቅበት ነው። ዘይቱም እንዲሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 አካባቢ የተሻሻሉት የቮልስዋገን ሞተሮች ሁለት የማስተንፈሻ ቫልቮች አሏቸው፤ የእኛዋ ግን ከዚያ በፊት የተሠራች ስለሆነች ያላት አንድ ብቻ ነው። አንዱ በር በትንሹ ፖምፓ 4.5 ኪሎ ከደረሰ፣ በትልቁ ፖምፓና በደባርቅ ብርድ ስንት ሊደርስ ነው? አስቀድሞ ማዛት የጀመረው የማቀዝቀዣ ጎማ ቢፈነዳ ሁለት ሊትር ተኩሉ ዘይት በአስፋልት ላይ ለመፍሰስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። ይህን ሁሉ ነግሬው ዝም አለ፤ ያመነ ግን አልመሰለኝም። ጥቂት ቆይቶ፣ «እሺ፣ ጋሼ፤ በጉዞው ላይ ሰዓቱ ይፍረድ» አለ። የግፊት መለኪያውን ሳንፈታ ቱቦውን አርዝመን ከመሪው አጠገብ ሰቀልነው።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንድ ቄስና አንድ የጎረቤት አዛውንት። እኔ ከፊት ተቀመጥሁ፤ ልጁ ነዳ። ደባርቅ አድረን ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። መስታወቱ ላይ አመዳይ ነበር። ልጁ ሞተሩን ሲያስነሣ ሁለታችንም ሰዓቱን አየን፤ መርፌው ተወንጭፎ 5.5 ላይ ቆመ፤ ጥቂት ተንቀጠቀጠና ቀስ በቀስ ወረደ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። የዚያን ጊዜ ትልቁን ፖምፓ በሐሳቡ ገጥሞ ቁጥሩን እንዳሰላው ከፊቱ አነበብሁ።

ሊማሊሞን ስንወርድ ነገሩ ቀላል ነበር፤ በሁለተኛ ማርሽ በሞተር እየተያዘች፣ ከአንዱ ጥምዝ ወደ ሌላው ተንከባለለች። የመንገዱን ውበት እዚህ ልገልጸው አልሞክርም፤ ያየው ያውቀዋል። ሽምግልናውም በደኅና አለቀ። ፈተናው መልሱ ነበር። ከቀትር በኋላ፣ የቆላው ሙቀት ገና ሳይበርድ፣ ሙክትና ማር ጭምር ተጭኖልን፣ አራት ሰዎች ሆነን ከዛሪማ ወደ ላይ ጀመርን። ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ በአንድ እስትንፋስ መውጣት ነው። ሰዓቱ መጀመሪያ 2.4 አለ፤ ግማሽ መንገድ ላይ 2፤ ከዚያ 1.8። ቄሱ የልጁን ዓይን ከመንገዱ ወደ ሰዓቱ ሲመላለስ ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሰዓት የስንት ሰዓት ነው የሚለው?» ቢሉት፣ «አባ፣ ገና አልመሸም ይላል» ሲል መለሰላቸው። ከአፋፉ በታች ባለው ጥምዝ ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶ አቆመን። ሞተርዋ በሚኒሞ ዞረች፤ መርፌው 0.6 ላይ ቆመ፤ አረንጓዴው መብራት ግን አልበራም። ዐሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆመን፣ ልጁ እጁን ከመሪው ሳያነሣ፣ መብራቱ የሚበራበትን ቦታ ትክ ብሎ ሲመለከት ቆየ። መንገዱ ተከፍቶ ደባርቅ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ። የቮልስ ባለቤቶችም ያላቸውን ሞተር ከቀድሞው ይልቅ አጥብቀው መያዝ ጀመሩ። ልጁ ዛሬ ባለትዳር ነው። ሞተርዋ አንድ ቀን ተከፍታ ስትታደስ ምን እንደሚደረግላት እስካሁን አልተስማማንም። እኔ አስቀድሞ ፊልትሮ ይግባላት እላለሁ፤ በወንፊት ብቻ የሚጣራ ዘይት በአቧራማ መንገድ ላይ ብሮንዚና ይበላል፤ ለዚህም የሞተሩን ገላ መብሳት ስለሚያስፈልግ፣ ተከፍታ ሳለች ካልሆነ ብናኙ በውስጥዋ ይቀራል። እርሱ ደግሞ ሁለት ቫልቭ ያለው ገላ ፈልጎ፣ የውጭ ማቀዝቀዣ ጨምሮ፣ ያን ጊዜ ትልቁን ፖምፓ እንደሚገጥም ይናገራል። እንዲህ ከሆነ የምከራከርበት ምክንያት የለኝም። ፖምፓው እስከዚያ ድረስ በመጠገኛዬ መደርደሪያ ላይ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጦአል፤ ሁለቱም ሮንዴላዎች ከአጠገቡ ናቸው።